የቮልስ መስታወት ጎማና የዳር ኒኬል አቀያየር፣ ክረምት ሳይገባ

ቮልሴ እ.ኤ.አ. የ1968 ሞዴል ናት። ደብረ ማርቆስ ባመጣኋት በመጀመሪያው ክረምት ከጋቢናው ተሳፋሪ እግር ሥር ያለው ምንጣፍ ከሐምሌ እስከ መስከረም አልደረቀም። አንድ ጋራዥ ወሰድኳት፤ በፊት መስታወቱ ጎማ ዙሪያ ሲሊኮን ለቀለቁልኝና ጠብታው ቆመ። ደስ ብሎኝ ከፈልሁ። በዓመቱ ምንጣፉን ገልጬ ወለሉን በካቻቢቴ ነካ ባደርገው ብረቱ እንደ ድርቆሽ ተፈረፈረ፤ ካቻቢቴው በወዲያ በኩል ወጣና መሬቱ ታየኝ። ሲሊኮኑ የዘጋው የሚታየውን ጠብታ ብቻ ነበር። ውሃው ከጎማው ሥር ሰርጎ መውጫ ሲያጣ በመስታወቱ ክፈፍ ማዕዘን ተኝቶ ከርሟል፤ ሲሞላም በውስጥ በኩል ወደ ወለሉ ወርዷል።

ያን ጊዜ ጎማውን ራሴ መቀየር ጀመርሁ፤ ከዚያ ወዲህ የወዳጆቼንም መኪኖች ሠርቻለሁ። አሮጌ መኪና የሚያድስ ሰው አብዛኛውን ጊዜ ገንዘቡን መጀመሪያ ቀለም ላይ ያፈስሰዋል። እባካችሁ አታድርጉት። መስታወቶቹን አውርዳችሁ ከጎማው ሥር ያለውን ብረት ሳታዩ የተቀባ ቀለም ከታች በኩል እየተበላ ነው።

እዚህ የምጽፈው ስለ ቮልስ ነው። ፊያት 600ም ሆነ ፊያት 1100 መስታወታቸው በጎማ የተያዘ ስለሆነ አካሄዱ ተመሳሳይ ነው። የዛሬዎቹ መኪኖች መስታወት ግን በማጣበቂያ ከላሜራው ጋር የተለጠፈ ስለሆነ ይህ ዘዴ ለእነሱ አይሆንም።

አቧራው ቀድሞ ይናገራል

ሥራው በበጋ ይሠራ። ከጥቅምት እስከ ሚያዝያ ባለው ጊዜ ጎማው በፀሐይ ይለሰልሳል፣ ቀለሙ ይደርቃል፣ መኪናዋ ያለ መስታወት ብታድርም ዝናብ ብዙም አይደርስባትም። በጋ ሌላም ጥቅም አለው፤ ጎማው የት እንደሚያስገባ ዝናብ ሳይመጣ ማወቅ ይቻላል።

መጀመሪያ የመስታወቶቹን የውስጥ ጠርዝና የበሮቹን ዙሪያ በእርጥብ ጨርቅ አጽዱ። ከዚያ ወደ ገጠር የሚያስገባ ፒስታ መንገድ ላይ ለግማሽ ሰዓት ያህል ንዱ፤ ከፊታችሁ አይሱዙ ካለ ደግሞ ከኋላው ሁኑ። ስትመለሱ በባትሪ ብርሃን ጠርዙን ዙሪያውን እዩ። እንደ በርበሬ ዱቄት የደቀቀ ቀይ አቧራ በቀጭን መስመር ተኝቶ የምታገኙት ቦታ አለ። አቧራ የገባበት ሁሉ በሐምሌ ውሃ ያስገባል። ቦታውን በማስኪንግ ቴፕ ምልክት አድርጉበትና በስልካችሁ ፎቶ አንሡት። ኋላ ክፈፉን ስታዩ ዝገቱን የምታገኙት ብዙውን ጊዜ ከዚያው በታች ባለው ማዕዘን ነው።

አንድ ማስጠንቀቂያ አለኝ። ከፊት የሚገባ ውሃ ሁሉ የመስታወት ጎማ ጥፋት አይደለም። የዝናብ መጥረጊያው ዘንግ የሚወጣበት ጎሚኒ፣ የአንቴናው ቀዳዳ፣ የፊት ኮፈኑ ዙሪያ ጎማ ሁሉም ያስገባሉ። እነሱንም አብራችሁ አረጋግጡ።

ጎማ ከመግዛት በፊት ሻንሲ ቁጥሩን አንብቡ

ሁሉም ቮልስ አንድ ይመስላል እንጂ የመስታወቱ ልክ አንድ አይደለም። በ1965 ሞዴል (እዚህ ያሉት ዓመቶች ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው) ሁሉም መስታወቶች ሰፉ። በ1972 ሞዴል የኋላው እንደገና ቁመት ጨመረ። ከ1973 ሞዴል ጀምሮ የመጣው 1303 የሚባለው ደግሞ የፊት መስታወቱ ጎበጥ ያለ ስለሆነ ጎማው ከሌላው ጋር ጨርሶ አይገናኝም።

የኋላውን ወንበር አንሡና በወለሉ መሐል እንደ ጀርባ ጎበጥ ብሎ በሚያልፈው ብረት ላይ የተመታውን ቁጥር ፈልጉ። ከ1965 እስከ 1969 ባሉት ሞዴሎች ቁጥሩ በ11 ይጀምርና ሦስተኛው አኃዝ ሞዴሉን ይነግራችኋል፤ 115 ከሆነ የ1965፣ 118 ከሆነ የ1968 ነው። ሞዴሉ የሚቆጠረው ካለፈው ዓመት ነሐሴ ጀምሮ ስለሆነ ሊብሬው ላይ ከተጻፈው የምርት ዓመት ጋር በአንድ ዓመት ቢለያይ አትደንግጡ። እንዲያም ሆኖ መስታወቱን በሜትር ለኩት። በእኛ አገር አንዷ ቮልስ የሦስት ቮልስ አካል ለብሳ ልትገኝ ትችላለች።

ቀጥሎ የሚወሰነው የጎማው ዓይነት ነው። አንዱ ዙሪያውን ኒኬል፣ ማለትም የሚያብለጨልጨው የዳር ጌጥ፣ የሚቀመጥበት ቦይ አለው፣ ሌላው የለውም። ኒኬል ያላት መኪና ከሆነች ባለ ቦዩን ግዙ፤ በኋላ ሐሳባችሁን ብትቀይሩ ሌላውን ጎማ እንደገና መግዛት ግድ ይሆናል። መደበኛው ቮልስ ጀርመን ውስጥ መመረት ያቆመው በ1978 ቢሆንም ሜክሲኮ ውስጥ እስከ 2003 ተመርቷል። አዲስ ጎማ ዛሬም የሚገኘው መኪናው በዓለም ላይ ብዙ ስለሆነ ነው። አዲስ አበባ የሚሄድ ሰው ካላችሁ የመኪና መለዋወጫ ገበያውን ሶማሌ ተራን ያስስላችሁ፤ ግን አሮጌውን ጎማ ቆርጣችሁ የአንድ ጣት ያህል ናሙና ስጡት። በስልክ የተነገረ ልክ ሁለት ጊዜ አሳስቶኛል።

ጎማውን ሳትከፍሉ ፈትኑት። ማዕዘኑ ላይ እጥፍ አድርጋችሁ ያዙት፤ ነጭ ስንጥቅ ካሳየ መጋዘን ውስጥ ያረጀ ነው። ማዕዘኖቹ በቅርጽ የወጡ ቢሆኑ ይመረጣል። እንደ ቧንቧ ቀጥ ብሎ ተቆርጦ ጫፉ የተጣበቀው ማዕዘን ላይ ይሸበሸባል፤ ሽብሽቡም ውሃ ይይዛል።

አሮጌውን ማውጣት

የባትሪውን ገመድ ፍቱ፤ ባትሪው ከኋላ ወንበር ሥር ነው። የኋላ መስታወታችሁ የማሞቂያ ሽቦ ካለው ገመዱን አላቁ። የዝናብ መጥረጊያውን ክንዶችና የውስጡን የኋላ ማሳያ መስታወት አውልቁ። ኮፈኑ ላይ ብርድ ልብስ አንጥፉ።

አሮጌውን ጎማ ለማዳን አትሞክሩ። መስታወት የሚሰበረው አብዛኛውን ጊዜ አርባ ዓመት ያገለገለ ጎማ በጉልበት ሲወጣ ነው። ኒኬሉን ማትረፍ ከፈለጋችሁ መጋጠሚያውን የሸፈነችውን ትንሽ ክሊፕ አንሸራትቱና የጎማውን የውጭ ምላስ በስለት ዙሪያውን ቁረጡ። ከዚያ ኒኬሉን በሁለት እጅ ከጫፉ ጀምራችሁ ቀስ እያላችሁ አንሡት። ኒኬል እንበለው እንጂ ስስ አሉሚኒየም ነው፤ አንዴ ከታጠፈ እጥፋቱ አይጠፋም።

ምላሱ ከተቆረጠ በኋላ አንድ ሰው ከውስጥ ሆኖ በመዳፉ ከላይኛው ማዕዘን ይግፋ፣ ሌላው ከውጭ ይቀበል። መሐሉን አትግፉ። የፊት መስታወት ብዙ ጊዜ ሁለት ንብርብር ስለሆነ መሐሉ ሲጫን ከጠርዙ ተነሥቶ ይሰነጠቃል። የጎንና የኋላው ደግሞ ጠርዙ ድንጋይ ከነካ በአንድ ጊዜ እንደ ጨው ይረግፋል፤ ስለዚህ የወጣውን መስታወት ሲሚንቶ ላይ አታቁሙት፣ ፍራሽ ላይ አስተኙት።

ክፈፉ፣ ሥራው ሁሉ እዚህ ነው

ጎማው ሲነሣ ላሜራው ዙሪያውን እንደ ከንፈር ወጣ ብሎ ታገኙታላችሁ። ጎማው የሚነክሰው ይህን ከንፈር ነው። የእኔን ስከፍተው የላይኛው ዙሪያ የፋብሪካ ቀለሙ እንኳ አልለቀቀም ነበር። የታችኛው ቀኝ ማዕዘን ግን ሲሊኮኑ ሥር ጥቁር ጭቃ ሆኗል። ጭቃውን በጣቴ ስጠርገው ብረቱ በንብርብር ተላጠ። ጣቴ ላይ የቀረው የአሮጌ ሳንቲም ሽታ ነበረው።

ሲሊኮን ካለ አንድም ሳይቀር በምላጭ ተፋፍቆ ይውጣ። ቀለም በሲሊኮን ላይ አይዝም፤ የዓይን ብሌን የሚያክል እንኳ ቢቀር በዚያ ቦታ ቀለሙ ይሸሻል። በተለይ ሲደርቅ አቼቶ አቼቶ የሚሸት ሲሊኮን ካያችሁ ከሥሩ ዝገት ጠብቁ፤ ያ ሽታ አሲድ ነው፣ ባዶ ብረት ሲያገኝ ያዝገዋል።

ከዚያ በሹል ካቻቢቴ ማዕዘኖቹን አንድ በአንድ ውጉ። የሚበሳ ካለ ቆርጣችሁ አዲስ ላሜራ አስበይዱ። ስቱኮ ቀዳዳ መድፈኛ አይደለም፤ ውሃ ይመጥጣል፣ ጎማው ሲጫነው ይሰነጠቃል። ይህን የምለው የዋጋው ልዩነት ስለሚገባኝ ነው፤ ብየዳው ይወደዳል፣ ግን በስቱኮ የተሞላ ከንፈር አንድ ክረምት ብቻ ነው የሚያሳልፈው። ላይ ላዩን ብቻ የዛገውን እስከ ንጹሕ ብረት በብርጭቆ ወረቀት አጽዱ፣ ፀረ ዝገት ቀቡ፣ ከላይ የመኪናውን ቀለም።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚስተው ነገር አለ። ከንፈሩ ላይ ቀለም በቀለም ከተደራረበ ይወፍርና የጎማው ቦይ አይቀበለውም። ሦስት ጊዜ የተቀባች መኪና ከሆነች አሮጌውን ቀለም ከከንፈሩ ላይ ሙሉ በሙሉ አንሡ። ከንፈሩ የተጣመመ መሆኑንም እዩ፤ ባዶውን መስታወት ክፈፉ ላይ ደግፋችሁ በዙሪያው ያለው ክፍተት እኩል መሆኑን ተመልከቱ። በፊት በተጋጨች መኪና አንደኛው ጎን ጠቦ ታገኙታላችሁ፤ አሁን በመዶሻና በእንጨት ካልተቃና ጎማ አያቃናውም።

ሌላው የሥራው ቅደም ተከተል ነው። የቮልስ የጣሪያ ጨርቅ ጫፉ በመስታወቱ ከንፈር ላይ ታጥፎ ይለጠፋል፣ የሚይዘውም ጎማው ነው። ጣሪያውን የማደስ ሐሳብ ካላችሁ ከመስታወቱ በፊት ይሁን፤ ካለፈ በኋላ ሁሉም እንደገና ይፈታል።

ቀለም ቀቢው ደርቋል ቢላችሁም ሁለት ሦስት ሳምንት ታገሡ። ያልበሰለ ቀለም ላይ የተጫነ ጎማ ቀለሙን ይዞ ይነሣል።

ጎማውን መስታወቱ ላይ፣ ኒኬሉን ጎማው ላይ

አዲሱን ጎማ ረፋድ ላይ ፀሐይ አስጡት። ደብረ ማርቆስ ላይ በጠዋት ቅዝቃዜ ጎማ እንደ ደረቅ ጠፍር ይገትራል፤ እኔ ከአራት ሰዓት በፊት አልጀምርም። ባሕር ዳር ያለ ሰው በዚህ አይቸገርም።

ማለስለሻው ውሃ ውስጥ የተበጠበጠ ላርጎ ወይም ግሊሰሪን ነው። ዘይት፣ ግሪስ፣ ቫዝሊን፣ ቤንዚን፣ ነጭ ጋዝ አይነካም። ከነዳጅ የወጣ ነገር ሁሉ ጎማን ያሳብጠዋል፣ ከወራት በኋላም ያላሽቀዋል። መስታወቱን ጠረጴዛ ላይ በብርድ ልብስ አስተኝታችሁ ጠርዙን አጽዱ፤ ጎማውን ከማዕዘኖቹ ጀምራችሁ አልብሱት። አራቱ ማዕዘን ከተቀመጠ መሐሉ ራሱ ይገባል። የጎማው መጋጠሚያ ካለ እኔ ወደ ላይኛው መሐል አደርገዋለሁ፤ ታች ውሃ ይተኛል።

ኒኬሉ የሚገባው አሁን፣ መስታወቱ ገና ጠረጴዛ ላይ ሳለ ነው። መኪናው ላይ ከተገጠመ በኋላ ለማስገባት የሞከረ ሰው ኒኬሉንም ቆዳውንም ይላጣል። ኒኬሉ ሁለት ግማሽ ስለሆነ አንዱን ግማሽ ይዛችሁ አንደኛውን ጠርዙን ከጎማው ምላስ ሥር ሸጉጡና ሌላኛውን ምላስ በላዩ እያነሣችሁ አልፉ። ለዚህ ካቻቢቴ አትጠቀሙ። እኔ የምጠቀመው ከእንጅባራ ገበያ በገዛሁት ቀርከሃ ነው፤ እንደ ማንኪያ ጫፍ ጠፍጣፋና ዱልዱም አድርጌ ጠርቤ በብርጭቆ ወረቀት አለሰለስሁት። ጎማ አይቀድም፣ አሉሚኒየም አይጭርም። ሁለቱ ግማሾች ሲገናኙ ክሊፓቸውን አልብሱ። በዚህ ላይ ሰዓት ተኩል ቢፈጅባችሁ ጥሩ እየሄዳችሁ ነው።

ሲባጎው

ለስላሳ የናይለን ገመድ ያስፈልጋል፣ ውፍረቱ ከ4 እስከ 5 ሚሊ ሜትር። የቃጫ ሲባጎ ሸካራ ስለሆነ ጎማውን ይግጠዋል። ርዝመቱ የመስታወቱን ዙሪያ አዙሮ አንድ ሜትር ያህል ይትረፍ።

ገመዱ የሚገባው ላሜራውን በሚነክሰው ቦይ ውስጥ ነው። በጣት ማስገባት ያሰለቻል፤ ቀለሙ ያለቀ የእስክሪብቶ ቀፎ ወስዳችሁ ገመዱን በውስጡ አሳልፉና ቀፎውን በቦዩ ውስጥ እየጎተታችሁ ዙሩ፣ ገመዱ እየተኛ ይከተላል። ሁለቱ ጫፎች ታች መሐል ላይ የአንድ ስንዝር ያህል ይደራረቡና ወደ ውስጥ ይንጠልጠሉ።

ከንፈሩን ዙሪያውን በሳሙና ውሃ አርጥቡ። ሁለት ሰው መስታወቱን አንሥቶ ከውጭ ክፈፉ ላይ ያስቀምጥ፤ መሐሉን ቀድማችሁ በቴፕ ምልክት ካደረጋችሁ ግራና ቀኙ አይዛነፍም። አንዱ ውጭ ሆኖ በሁለት መዳፉ ይጫን። ሌላው ውስጥ ተቀምጦ አንደኛውን ጫፍ ይሳብ። አሳሳቡ ወደ ራስ አይደለም፤ ገመዱ ከመስታወቱ ጋር ጎን ለጎን፣ ወደ መስታወቱ መሐል ዘመም ብሎ ይሳባል። ወደ ራስ ቀጥ አድርጎ የጎተተ ምላሱን ይቆርጠዋል። ገመዱ በወጣ ቁጥር ምላሱ ከንፈሩን ዘልሎ ወደ ውስጥ ይገለበጣል፤ ውጭ ያለው ሰው መዳፉን ልክ ገመዱ በሚወጣበት ቦታ ላይ እያስከተለ ይጫን። ታችን ጨርሱ፣ በሁለቱም ማዕዘን ዙሩ፣ ጎኖቹን ውጡ፣ ላይኛውን በመጨረሻ።

ባለፈው የካቲት ከጎረቤቴ ልጅ ጋር ስንሠራ ግራው ማዕዘን ላይ ደርሶ ቆመ።

«ጋሼ፣ አልመጣ አለኝ።»

«ተወው፣ አትጎትት። ምን ይታይሃል?»

«ጎማው ታጥፏል መሰለኝ።»

«በል ሳሙናውን ጨምርበት፤ እኔ ከላይ ልየው።»

መስታወቱ ከላይ በኩል አንድ ጣት ያህል ወጣ ብሎ ተቀምጦ ኖሯል። ከፍ አድርጌ በቡጢዬ ጎን ሁለት ጊዜ መታ መታ ሳደርገው ገመዱ «ፍትልክ» ብሎ ወጣለት። ገመድ እምቢ ሲል ምክንያት አለው፤ ወይ መስታወቱ ተዛንፏል ወይ ከንፈሩ ደርቋል። ጉልበት የጨመረ ሰው የሁለት ወር ዝግጅቱን በአንድ ጉተታ ይቀደዋል።

ምላሱ በአንዳንድ ቦታ ካልተገለበጠ በቀርከሃው አንሡት። የኋላውና ሁለቱ የኋላ ጎን መስታወቶችም የሚገቡት በዚሁ አኳኋን ነው። ከትንሹ የጎን መስታወት ጀምሩ፣ እጃችሁን ትፈቱበታላችሁ።

በሮቹ

የበሩን ሽፋን አውልቁ። ከሥሩ ላስቲክ ተለጥፎ ታገኛላችሁ፤ ከሌለ ወፍራም ላስቲክ ቆርጣችሁ ኋላ ለጥፉ፣ በበሩ ውስጥ የሚወርደው ውሃ ሽፋኑን እንዳያበሰብስ የሚከለክለው እሱ ነው። በበሩ ውስጥ ውሃ መውረዱ ጤናማ ነው፤ ታች ባሉት ቀዳዳዎች መውጣት አለበት። ቀዳዳዎቹን በሽቦ ክፈቱ። የብዙ ቮልስ በር ታች የሚበላው አቧራው ጭቃ ሆኖ እነዚህን ስለሚደፍን ነው።

መስታወቱ የሚንሸራተትበትን ሱፍ ያለበት ቦይ፣ ከውጭና ከውስጥ ጠርዙን የሚጠርጉትን ሁለት ቀጫጭን ጎማዎች፣ የሦስት ማዕዘኗን መስኮት ጎማ በአንድ ጊዜ ቀይሩ። የበሩ ዙሪያ ጎማ ግራና ቀኝ አለው፤ ሳትለጥፉ ዙሪያውን ይዛችሁ ሞክሩት። አሮጌው ማስቲሽ ተፍቆ ከወጣ በኋላ አዲስ ማስቲሽ በሁለቱም ላይ ስስ አድርጋችሁ ቀቡ፣ ጣት ሲነካው እስከማይያዝ ጠብቁ፣ ከዚያ ሳትለጥጡ አጣብቁ። የተለጠጠ ጎማ ተመልሶ ሲኮማተር ማዕዘኑ ላይ ይነሣል።

ሙከራው በወረቀት ነው። የደብተር ወረቀት በበሩና በክፈፉ መካከል አድርጋችሁ ዝጉና ሳቡት። በዙሪያው ሁሉ ያዝ እያደረገ መውጣት አለበት፤ ልቅቅ ብሎ የሚወጣበት ቦታ ያፈስሳል። አዲስ ጎማ የገባለት ቮልስ በር መስታወቱን ዝቅ ካላደረጋችሁ አይዘጋም፤ አየሩ መውጫ ያጣል። አታማጡት፣ በሳምንታት ውስጥ ጎማው ይለምዳል።

ውሃ ማጠጣት

ሁለት ቀን ነድታችሁ ጎማው ይደላደል። ከዚያ አንድ ሰው ውስጥ ባትሪ ይዞ ይቀመጥ፣ በጠርዙ ውስጠኛ ዙሪያ ሶፍት ይጠቅጥቅ። ከውጭ በጎማ ቧንቧ፣ ያለ ግፊት፣ ከታች ጀምራችሁ ወደ ላይ አጠጡ፤ በየቦታው አምስት ደቂቃ ያህል ቆዩ። ከላይ ከጀመራችሁ ውሃው ወደ ታች ስለሚወርድ የት እንደገባ አታውቁም። ሶፍቱ የረጠበበት ቦታ ላይ የማይደርቅ፣ እንደ ሊጥ የሚለጠጥ የቡቲል ማሸጊያ ከጎማው ምላስ ሥር በስሱ አስገቡ። ሲሊኮን አይሆንም።

ወደ ዓባይ በረሃ የምትወርዱ ከሆነ ከደጀን ቅዝቃዜ ተነሥታችሁ ግርጌው ሙቀት እስክትደርሱ ጎማው በአንድ ጉዞ ይሰፋል፣ ተመልሶም ይኮማተራል። ስለዚህ ከመጀመሪያው የዓባይ ጉዞ በኋላ የሶፍቱን ሙከራ ድገሙት፤ የእኔ የኋላ መስታወት በዚያን ጊዜ ነው ታች በኩል ጠብ ያለው። በግንቦት መጨረሻ ደግሞ ጎማዎቹን ሁሉ በእርጥብ ጨርቅ ጠርጋችሁ ግሊሰሪን በጣታችሁ ቀቡ፤ በደጋ ያለው ፀሐይ ጎማን ቶሎ ያደርቃል።

ምንጣፉን አትቸኩሉበት። እኔ የመጀመሪያው ከባድ የሰኔ ዝናብ እስኪያልፍ ወለሉን ባዶውን ትቼ ጋዜጣ አነጠፍሁበት፤ በየማለዳው ጋዜጣውን አንሥቼ አየሁ። በሦስተኛው ሳምንት ደረቅ ጋዜጣ ሳነሣ ምንጣፉን መለስሁት።